ልጄ «እኔ አይጥ ነኝ» አለኝ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። ልጄ 11 ዓመቱ ነው። ዓርብ ዓርብ ጓደኛው ቤት ጠረጴዛ ከበው፣ ዳይስ እየጣሉ፣ አይጥ ሆነው ይጫወታሉ። «ማውስሪተር» ይባላል አለኝ። ባለፈው እራት ላይ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ምን ሆነህ ስለው «አይጤ ልትሞት ነው» አለኝ። ወረቀቱን ባየው ደግሞ ድግምት የሚል ነገር አለበት። ቤተ ክርስቲያን የምንሄድ ሰዎች ነንና ጨነቀኝ። ልከልክለው? ሌላው፣ አማርኛ ይሰማል እንጂ አይመልስልኝም። እንግሊዝኛ ብቻ በሚወራበት ጨዋታ ጊዜውን መጨረሱም ያሳስበኛል።
(የአንድ ልጅ እናት)

መልስ፦ እህቴ፣ አይከልክሉት። ወንበር ይሳቡና አብረውት ይቀመጡ።

ጨዋታው ተረት ነው። ልዩነቱ፣ ተረቱን አንድ ሰው ብቻውን አይጨርሰውም። አንዱ አጫዋች ይሆናል። «መሽቷል። ከምድጃው ሥር ናችሁ። የድመት ትንፋሽ ይሰማችኋል» ይላል። ከዚያ «ምን ታደርጋላችሁ?» ብሎ ይጠይቃል። ልጆቹ ይመልሳሉ። መሳካቱ የሚያጠራጥር ነገር ከሆነ ዳይስ ይጣላል። በቃ፣ ይኸው ነው።

ትናንት የመጣ ነገርም አይደለም። የዚህ ዓይነት ጨዋታ በኩር የሚባለው ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ እ.ኤ.አ. በ1974 ወጣ። በሁለት ዓመቱ፣ በ1976፣ ተጫዋቾቹ ጥንቸል የሚሆኑበት በኒስ ኤንድ በሮውስ ተከተለ። የልጅዎ ጨዋታ የ2020 ነው።

ድግምቱን በተመለከተ አልዋሽዎትም፣ አለ። ልጁ ራሱ ግን የሚያነበንበው ቃል የለም። «ብርሃን አበራለሁ» ይላል፣ ዳይስ ይጥላል፣ አለቀ። ቢሆንም ኅሊናዎ ካልተቀበለው ያውጡት። እኛ ቤት አውጥተነዋል፤ ጨዋታው ምንም አልጎደለበትም።

እኛ ቤት ያልኩት ከእህቴ ልጆች ጋር ቅዳሜ ከሰዓት የምንጫወተውን ነው። ታላቋ አሥር ዓመቷ ነው፣ ወንድሟ ስምንት። የልጅቷ አይጥ ስም ምስር ነው፣ የወንድሟ ሽምብራ። አንድ ቀን ጓዳ ገብተው ዳቦ ይዘው ሲመለሱ ድመት በሩ ላይ ተኝታለች አልኳቸው። ሽምብራ ወዲያው መርፌውን መዘዘ። በዚህ ጨዋታ ሰይፉ የልብስ መርፌ ነው። ምስር ግን ዝም አለች። ልጅቷ ክፍል ውስጥም እጅ የማታወጣ ናት። ቆይታ ቆይታ «አጎቴ፣ ድመቷ ጠግባለች ወይስ ርቧታል?» አለችኝ። ርቧታል አልኳት። «ጓዳው ውስጥ ቋንጣ ተሰቅሏል?»

ተሰቅሏል። እኔ አላሰብኩትም ነበር፤ ግን የኢትዮጵያ ጓዳ አይደል? ምስር ግድግዳውን ቧጥጣ ወጥታ የቋንጣውን ገመድ ልትቆርጥ ተነሣች። ወረቀቷ ላይ የተጻፈው የቅልጥፍና ቁጥሯ 8 ነው። ባለ ሃያ ገጽ ዳይስ ጥላ 8 ወይም ከዚያ በታች ካመጣች ይሳካላታል። ጣለች። ተንከባለለ፣ ተንከባለለ፣ 8 ላይ ቆመ። ሁለቱም ከወንበራቸው ተነሥተው ጮኹ። ቋንጣው ማዶ ወደቀ፣ ድመቷ ወደዚያ ዘለለች፣ በሩ ባዶ ሆነ።

ይህን ጨዋታ የምወድበት ምክንያት እዚህ ላይ ነው። ትንሽ ስትሆን ጉልበትህ አያወጣህም። አይጥ ድመትን በመርፌ አትገድልም። ስለዚህ ልጁ ከመምታቱ በፊት መጠየቅ ይለምዳል፤ ምን ይሸታል? ማን ነቅቷል? መሸሻዬ የቱ ጋ ነው?

ሌላ የምወደው ነገርም አለ። ወረቀቱ ላይ ዕቃ የሚቀመጥባቸው አሥር ካሬዎች አሉ፤ ሁለት ለእጅ፣ ሁለት ለገላ፣ ስድስት ለከረጢት። ረሃብ፣ ድካም፣ ፍርሃትም ካርድ ሆነው ከእነዚሁ ካሬዎች አንዱን ይይዛሉ። የዚያን ቀን ሽምብራ ከረጢቱ ሞልቶ ነበርና ፍርሃት ሲይዘው ከዳቦው አንዱን ጥሎ መውጣት ነበረበት። ልጁ «ፍርሃት ከዳቦ ይከብዳል እንዴ?» አለ። መልሱን ለእሱ ተውኩለት።

ወደ እንባው ልመለስ። አይጦቹ እውነትም ቶሎ ይሞታሉ። «ጨዋታ እኮ ነው» ብለው አያልፉት፤ ልጅዎ ለዚያች አይጥ አስቦላታል፣ አዝኖላታል። ስሟን ይጠይቁት። ምን አጋጠማት ይበሉት። አጫዋቹ ጎልማሳ ከሆነም ደውለው ያነጋግሩት። እኛ ቤት አይጥ ስትሸነፍ ትማረካለች ወይም ትጎዳለች እንጂ አትሞትም ብለን ቀድመን ተስማምተናል።

አማርኛውስ? እዚህ ላይ ነው ወንበር ይሳቡ ያልኩዎት። አንድ ቀን እርስዎ አጫዋች ይሁኑ፣ በአማርኛ። ደንቡን እሱ ያስረዳዎታል፤ ለእናቱ አስተማሪ መሆን ደስ ይለዋል። በእንግሊዝኛ ቢመልስ አያርሙት፤ ያለውን በአማርኛ ደግመው ታሪኩን ይቀጥሉ።

አይጥ ከሰለቸው ፍልፈል ይሁን። ባሌ ሮቤ ባስተማርኩባቸው ዓመታት ተማሪዎቼን ሳነቴ አምባ ላይ አውጥቼ አሳይቻለሁ። 4,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ በብርድ፣ በሆዳችን ተኝተን እንጠብቃለን። በመጀመሪያ አፈሩ ይነቃነቃል። ከዚያ አናት ላይ የተቀመጡ ሁለት ትናንሽ ዓይኖች ብቅ ይላሉ። ገላው ጉድጓድ ውስጥ እያለ ውጭውን ያያል። ከጉድጓዱ አፍ ብዙም ሳይርቅ ሣር ይነቅላል፣ ወደ ኋላው ይገባል። ይህ ትልቁ ፍልፈል ከባሌ ተራሮች በቀር በዓለም ላይ የትም የለም። ቀይ ቀበሮ ደግሞ እሱን ልትይዝ ሆዷን ከመሬት አስጠግታ ትጠብቃለች። «ቅጠል ልትሰበስብ ወጥተሃል። ነፋሱ ቆመ። ምን ታደርጋለህ?» ይበሉት።

ጥያቄ፦ ሐዋሳ ነው የምኖረው፣ ተማሪ ነኝ። ማውስሪተርን ልንጀምር ፈልገን ባለ ሃያ ገጹን ዳይስ አጣን። ያለሱ ይሆናል?

መልስ፦ ይሆናል ወንድሜ። ከደብተር ላይ ሃያ እኩል ቁራጭ ቅደዱ። ከ1 እስከ 20 ጻፉበት፣ አጥፉትና ኩባያ ውስጥ ክተቱት። ዕጣ ባወጣችሁ ቁጥር ወረቀቱን መልሱና ነቅንቁት፤ ካልመለሳችሁት ዕድሉ ይዛባል። ለአብዛኛው የቀረ ነገር የሉዶ ዳይስ ይበቃል። የአይጣችሁን የጥንካሬ፣ የቅልጥፍናና የወኔ ቁጥር ለማውጣት ለእያንዳንዱ ሦስት ጊዜ ጥላችሁ ትልልቆቹን ሁለቱን ደምሩ። እርሳስ ያዙ፣ እስክሪብቶ አይሆንም፤ ወረቀቱ ላይ ብዙ ይጠፋል፣ ብዙ ይጻፋል።