ጋሼ፣ ምን መጽሐፍ ላንብብ?

ትወና መማር የምትፈልጉ የጎንደር ልጆች ስታገኙኝ የምትጠይቁኝ አንድ ነው። «ጋሼ፣ ምን መጽሐፍ ላንብብ?» ጥያቄው ደስ ይለኛል። እኛ በኪነት ቡድን ዘመን መጽሐፍ ትዝም አይለን ነበር። የምንጨቃጨቀው «አልባሳቱን ማን ይዞት ሄደ?» እያልን ነው። ስልካችሁን ስታሳዩኝ ግን ስጋት ይገባኛል። ከቴሌግራም ያወረዳችሁት ፒዲኤፍ መዓት ነው። የተከፈተው ጥቂቱ ነው። ከተከፈተውም የተነበበው መግቢያው ብቻ ነው።

የትወና መጽሐፍ እንደ ልብ ወለድ ጋደም ተብሎ አይነበብም። ጥያቄ ይዞ ለመጣ ሰው ነው የሚናገረው። ጥያቄው ደግሞ የሚወለደው በእጅ ያለ ተውኔት አልገፋ ሲል ነው። ስለዚህ ከመጽሐፉ በፊት ተውኔት ያዙ።

የቱን? ለጀማሪ የመንግሥቱ ለማን «ጠልፎ በኪሴ» ወይም «ያላቻ ጋብቻ» እሰጣለሁ። ኮሜዲ ናቸው። ሰዎቹ የሚናገሩት ቤት ውስጥ እንደሚወራው ነው፤ ቃላቱ አፍ ላይ አይከብዱም። የጸጋዬ ገብረ መድኅን ተውኔቶች ትንሽ ይቆዩ። ታላላቅ ሥራዎች ናቸው፤ ግን ቋንቋው ብቻውን ስለሚያስጨበጭብ ጀማሪውን ያታልለዋል። ልጁ ያነበንባል፣ አዳራሹ ያጨበጭባል፣ ትወናው ግን የለም።

ተውኔቱን ስታነቡ እርሳስ ያዙ። በእያንዳንዱ ንግግር ጎን አንድ ግስ ጻፉ። ሰውየው በዚህ ንግግር ምን ሊያደርግ ነው? «አዝኗል» ብሎ መጻፍ አይበቃም፤ ማዘን መድረክ ላይ የሚሠራ ነገር አይደለም። ላሳያችሁ። ሌሊቱን ውጭ ያደረ ልጅ እኩለ ቀን ላይ ቤት ይገባል። እናቱ «እጅህን ታጠብ፣ ምሳ ቀርቧል» ትለዋለች። ሌላ ቃል የላትም። ይቅር ልትለው ከፈለገች ማስታጠቢያውን ራሷ ይዛ ትመጣለች። ልታሳፍረው ከፈለገች እንግዳ ፊት፣ ድምጿን ከፍ አድርጋ ትለዋለች። የት እንዳደረ ልታውቅ ከፈለገች ደግሞ ዓይኗን ከጫማው ላይ አታነሣም፤ ጭቃው የየት ሰፈር እንደሆነ እያየች ነው። ቃሉ ያው ነው። ግሱ ሲለወጥ ግን እጅም፣ ዓይንም፣ ድምፅም አብረው ይለወጣሉ።

ይህን ስትሞክሩ አንዱ ቦታ ላይ ግሱ ይጠፋችኋል። ያኔ ስታኒስላቭስኪን ክፈቱ።

ኮንስታንቲን ስታኒስላቭስኪ እ.ኤ.አ. በ1898 ከኔሚሮቪች ዳንቼንኮ ጋር የሞስኮ አርት ቴአትርን ያቋቋመ ተዋናይና አዘጋጅ ነው። «አን አክተር ፕሪፔርስ» የሚባለው መጽሐፉ በእንግሊዝኛ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1936 ነው። እንግሊዝኛው አያስፈራችሁ። የተጻፈው ኮስትያ በሚባል የቴአትር ተማሪ የዕለት ማስታወሻ መልክ ነው። ይህ ልጅ ገና በመጀመሪያው ምዕራፍ ኦቴሎን ሊጫወት ይነሣል። ፊቱን በቸኮሌትና በቅቤ ይለቀልቃል፣ ጥርሱን ያገጣል፣ ዓይኑን ያጉረጠርጣል። ባነበብኩት ቁጥር እስቃለሁ፤ ልጁን አውቀዋለሁና። እዚህ ጎንደር አዘዞ ሰፈርም አለ፣ ማራኪም አለ። የጸጋዬን የአማርኛ «ኦቴሎ» ፈልጋችሁ ከጎኑ ክፈቱት፤ ኮስትያ የሚታገልበትን ቦታ በራሳችሁ ቋንቋ ጮክ ብላችሁ ሞክሩት። ጸጋዬ ይቆይ ያልኩት ሕዝብ ፊት ለማቅረብ ነው። ቤት ውስጥ ለመታገል አሁንም ይሆናል።

ከመጽሐፉ አንድ ቦታ ብቻ ምረጥ ብባል የማሪያን ታሪክ እመርጣለሁ። መምህሩ ቶርትሶቭ ለማሪያ አንድ ሁኔታ ይሰጣታል። ለትምህርት ቤት የምትከፍለው የላትም። ጓደኛዋ ሽጣ እንድትከፍል የከበረ ጌጥ ሰጥታታለች። ጌጡ መጋረጃው ላይ ተሰክቷል፤ የቱ ጋ እንደሆነ አይታወቅም። ማሪያ መድረኩ ላይ ትሯሯጣለች፣ ራሷን ትይዛለች፣ ተስፋ የቆረጠ ሰው ታሳያለች። ስትጨርስ ደስ ብሏታል። መምህሩ «ጌጡስ?» ይላታል። ረስታዋለች! ከዚያ «ካላገኘሽው ከትምህርት ቤቱ ትሰናበቻለሽ» ሲላት ተመልሳ የመጋረጃውን እጥፋት አንድ በአንድ ትፈትሻለች። ጩኸት የለም፣ ሩጫ የለም። ዓይን የሚይዘው ግን ይኸኛው ነው። ከጓደኞቻችሁ ጋር ሞክሩት። ቁልፍ ደብቁና አንዱን ከልቡ አስፈልጉት። ቀጥሎ ቁልፉ ያለበትን አሳዩትና እንደማያውቅ ሆኖ ይፈልግ። ልዩነቱን ቴአትር አይቶ የማያውቅ ሰው እንኳ ይነግራችኋል።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ስታኒስላቭስኪ የውስጡንና የአካሉን ሥራ የአንድ ትምህርት ሁለት ክፍሎች አድርጎ ነው ያሰበው። የአካሉና የድምፁ ክፍል በእንግሊዝኛ «ቢልዲንግ ኤ ካራክተር» ተብሎ የወጣው ግን እ.ኤ.አ. በ1949 ነው። በመካከሉ ብዙ ሰው ግማሹን ይዞ ሙሉ መሰለው። ትወና ማለት የራስን ቁስል እየነካኩ ማልቀስ ነው የሚለው ወሬ በከፊል ከዚያ የመጣ ይመስለኛል። አሜሪካዊቷ ተዋናይት ስቴላ አድለር እ.ኤ.አ. በ1934 ፓሪስ ላይ ስታኒስላቭስኪን ራሱን አግኝታዋለች። ስትመለስ ምናብና የተውኔቱ ሁኔታ ከራስ ትዝታ ይቀድማሉ ብላ ተሟገተች። እኔም ከእሷ ወገን ነኝ። የአባታችሁን ሞት እያሰባችሁ መድረክ ላይ አታልቅሱ። ሌሊት እንቅልፍ ይነሳችኋል፤ ተውኔቱም ስለ አባታችሁ አይደለም።

ቀጥሎ ተዋናይትና የትወና መምህርት የነበረችው ኡታ ሄገን ትምጣ። መጽሐፏ «ሪስፔክት ፎር አክቲንግ» እ.ኤ.አ. በ1973 የታተመ ነው። ብቻችሁን ስትሆኑ የምትሠሩትን ተራ ነገር፣ ለሁለት ደቂቃ ያህል፣ እንደገና ሥሩት ትላለች። ለእኛ ቡና ማፍላት ነው። በባዶ እጃችሁ አፍሉ። ቡናው ታጥቦ ውኃው የት ተደፋ? ሲቆላ ጭሱ ወደ ማን ዞረ? ጀበናው ሊገነፍል ሲል እጃችሁ የት ነበር? እናታችሁን ዳኛ አድርጉ። «ሲኒውን ሳታቀርብ ምን ላይ ቀዳኸው?» ካለቻችሁ ከየትኛውም መምህር የማይገኝ ትችት ነው።

አሁን ወደ ጎንደር ችግር ልምጣ። ፉከራ ነው። እዚህ ከተማ ቴዎድሮስን ያልተጫወተ ልጅ የለም፤ ሁሉም ከመጀመሪያው መስመር ጀምሮ ይጮኻል። ቴዎድሮስ ቢቀር እንኳ ደብዳቤ የሚያነብ ገጸ ባሕርይ ስጧቸው፣ ደብዳቤውን ይፎክሩበታል። የሚገርመው ጥሩ ፎካሪ ራሱ እንዲህ አያደርግም። ሠርግ ላይ ተመልከቱት። ወዲያ ወዲህ ይላል፣ አንድ ሰው ይመርጣል፣ ወደሱ ይጠጋል፣ ድምፁን ይቆጥባል። የሚፈነዳው በኋላ ነው። ለማን እንደሚፎክር ያውቃል። የኛ ልጆች ግን የሚፎክሩት ለጣሪያው ነው።

አዝማሪ ቤት ስትገቡም ለመጠጡ ብቻ አትግቡ። እንግዳው «ተቀበል!» ብሎ ስንኝ ይወረውራል። አዝማሪው ያንኑ ስንኝ ይቀበላል፣ በማሲንቆው ይመልሰዋል። ሲመልሰው ዓይኑ እንግዳው ላይ ነው። የሚሰማውን ሳይሰማ የሚለው ነገር የለውም። የትወና መምህሩ ሳንፎርድ ማይዝነር ኒውዮርክ ውስጥ ሲያስተምር በጣም የታወቀበት ልምምድ ከዚህ ብዙ አይርቅም። ሁለት ተዋንያን ፊት ለፊት ይቀመጣሉ። አንዱ በሌላው ላይ ያየውን ይናገራል፤ ሌላው ያንኑ ይደግማል። የሚለወጠው ከጓደኛ የመጣ ነገር ሲለውጠው ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 የታተመውን መጽሐፉን ካገኛችሁ ይህን ክፍል ፈልጉ። ከአዝማሪ ቤት በኋላ ብታነቡት በአንዴ ይገባችኋል። ለአካል ደግሞ የአቋቋም ሊቃውንት ሲያሸበሽቡ እግራቸውን እዩ፤ ማንም አይቸኩልም፣ ማንም ወደ ኋላ አይቀርም።

ለድምፅ የእንግሊዛዊቷን የድምፅ አሠልጣኝ የሲሲሊ ቤሪን «ቮይስ ኤንድ ዘ አክተር» እወደዋለሁ። የትንፋሹን ልምምድ እንዳለ ውሰዱት። የአነጋገሩ ክፍል ግን የተሠራው ለእንግሊዝኛ ነው። የኛ ጣጣ ሌላ ነው፤ ፊደላችን ጥብቁንና ላላውን አይለይም። ወረቀቱ ላይ «ይበላል» ቢል ሰውየው ይበላ፣ ምግቡ ይበላ አይታወቅም። ከልምምድ በፊት በሚጠብቀው ፊደል ላይ ነጥብ አድርጉ። በማግስቱ ኦዲሽን ላይ ከመንተባተብ ያድናችኋል።

የድምፅ ትልቁ መጽሐፋችን ግን የሚደመጥ ነው። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ የተረከውን የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ማለቴ ነው። ዩቲዩብ ላይ ታገኙታላችሁ። መጽሐፉን ገልጣችሁ አብራችሁ ተከታተሉ። የሚተነፍስበት ቦታ ላይ ጭረት አድርጉ። ፊታውራሪ መሸሻና ጉዱ ካሣ በአንድ ሰው ጉሮሮ እንዴት ሁለት ሰው እንደሆኑ አድምጡ። ከዚያ ያንኑ ገጽ እናንተ አንብቡና በስልክ ቅዱት። መጀመሪያ ስትሰሙት ስልኩን መወርወር ያምራችኋል። አትወርውሩት፣ ውድ ነው።

ካሜራ ፊት የምትሠሩ ደግሞ የፊልም ተዋናዩን የማይክል ኬይንን «አክቲንግ ኢን ፊልም» አንብቡ። ትንሽ መጽሐፍ ነው፣ ወሬ አያበዛም። በቅርብ ቀረጻ የጓደኛችሁን ሁለት ዓይን እያፈራረቃችሁ አትዩ፤ ለካሜራው የቀረበውን አንዱን ያዙ ይላል። ቲክቶክ ላይ የምታቀርቡትን ድራማ መልሳችሁ እዩት፤ ዓይናችሁ ወዲህ ወዲያ ሲዋልል ታገኙታላችሁ።

«አዳራሽ የለንም» የምትሉትን እሰማለሁ፣ እውነትም አላችሁ። አዘጋጁ ፒተር ብሩክ እ.ኤ.አ. በ1968 ባሳተመው «ዘ ኤምፕቲ ስፔስ» መጀመሪያ ላይ ባዶ ቦታ፣ የሚያልፍ አንድ ሰውና የሚያየው አንድ ሰው ካሉ ለቴአትር ይበቃል ይላል። ባዶ ግቢ ጎንደር ውስጥ አይጠፋም። የትምህርት ቤት ክበብ የምትመሩ ካላችሁ የቫዮላ ስፖሊንን የቴአትር ጨዋታዎች መጽሐፍ ፈልጉ፤ ልጆች ሳይፈሩ ይማሩበታል።

እንግሊዝኛው የሚከብዳችሁ አራት አምስት ሆናችሁ ምዕራፎቹን ተካፈሉ። እያንዳንዱ ያነበበውን በአማርኛ ያስረዳ፣ ከዚያ ተነሥቶ ያሠራ። የማያሠራው ከሆነ አልገባውም ማለት ነው፤ ደግሞ ያንብብ። የአማርኛ ተውኔቶቹን ግን በፒዲኤፍ ብቻ አትጠብቁ። መጽሐፍ አዟሪዎቹን ጠይቁ፣ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ስታገኙ አሮጌ መጽሐፍ ሻጮችን እንዲያይላችሁ ላኩት። «ኦቴሎ» ሁለት ቅጂ ካገኘ አንዱን ለኔ ይያዝልኝ፤ የኔን የተዋሰው ልጅ እስካሁን አልመለሰውም።