ጥያቄና መልስ፦ ታይሮይድና የወላጆቻችን መርሳት

ደሴ ላይ በፋርማሲ ሥራ ያረጁት ጋሼ ዛሬ ስለ ታይሮይድ (አንገት ላይ ስላለው ሆርሞን አመንጪ ዕጢ) እና ስለ መርሳት ይመልሳሉ።

ከኮምቦልቻ፦ ጋሼ፣ እናቴ ትረሳለች። ንግግሯ ተጎተተ፤ ሆዷ ይደርቃል። በዚህ ሙቀት ጋቢ ደርባ ነው የምትውለው። ሰዉ «ጃጅታ ነው» ይላል።

ጋሼ፦ ደሴ ብትሆን ጋቢውን ባለፍኩት። ኮምቦልቻ በቀትር ግን ያጠራጥራል። የታይሮይድ ሆርሞን ሲያንስ ሰውነትም ሐሳብም ይንቀረፈፋል። ቲኤስኤች ትመርመር፤ ታይሮይድን «ሥራ» ብሎ የሚያዝ ሆርሞን ነው፣ በደም ይለካል። እሱ ከፍ ካለ የታይሮይዱ ሆርሞን አንሷል ማለት ነው። ቫይታሚን ቢ12ም ይታይላት። በሕክምናው መፍዘዙ ይሻላታል። የመርሳት በሽታ ካለባት ግን እሱን ኪኒኑ አያጠፋውም።

ከሆጤ፦ አባቴ ሌቮታይሮክሲን የሚባለውን የታይሮይድ ሆርሞን ኪኒን ጀምረዋል፤ ቲኤስኤቻቸው አልወርድ አለ። መጠኑ ይጨመር?

ጋሼ፦ በምን ይውጡታል?

ከሆጤ፦ በአቦሉ።

ጋሼ፦ ይኸው! ይህን ስናገር ሸበትኩ። በባዶ ሆድ፣ በውኃ ብቻ! ቡናም ቁርስም ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ይቆይ። የብረትና የካልሲየም ኪኒን 4 ሰዓት ይራቅ። ቡናው መድኃኒቱ ወደ ደም በደንብ እንዳይገባ ያደርጋል። ሐኪሙ ይህን ሳያውቅ ይጨምራል። ቡናው የቀረ ጊዜ መድኃኒቱ ከልክ ያልፋል፤ የልብ ምት ይዛባል፣ አጥንት ይሳሳል። ሆርሞን የበዛባቸው አረጋውያን ለመርሳት በሽታ ይበልጥ እንደሚጋለጡ ያሳዩ ጥናቶችም አሉ። መጠኑን አትንኩ። አወሳሰዱን አስተካክሉና ከ6 እስከ 8 ሳምንት ቆይታችሁ አስለኩ።

ከሮቢት፦ ጥቅል ጎመን ለታይሮይድ አይሆንም ይባላል፤ እንተወው?

ጋሼ፦ በልክ ብሉ።

ከሸዋ በር፦ የቆየ እንቅርት ያለባቸው አክስቴ አዮዲን ያለው ጨው ቢያበዙስ?

ከሮቢት፦ አሞሌው ይሻላል! አያቴ በእሱ ነው ያረጁት።

ከሸዋ በር፦ እንቅርታቸውን ግን አልነገርከንም።

ከሮቢት፦ እንቅርት በዘር ነው!

ጋሼ፦ እናንተ ልጆች፣ ተዉ እንጂ። አዮዲን ለሁሉም ያስፈልጋል፤ ለነፍሰ ጡርና ለሕፃን ይብሳል። የቆየ፣ እብጠት እብጠት ያለው እንቅርት ግን በጨው ብዛት አይከስምም። አዮዲን በድንገት ሲበዛበት ሆርሞን ከልክ በላይ ሊያመርት ይችላል። ይመርመሩ።

ከአራዳ፦ እናቴ ትረሳለች፤ ምን ትውሰድ?

ጋሼ፦ ዕድሜዋስ? ሌላ መድኃኒቷስ? «ትረሳለች» ብቻ ተብሎ ምን ልበል? ከላይ ያለውን አንብብ።

ከሆጤ፦ በሻይስ ቢውጡት?

ጋሼ፦ በውኃ! በውኃ ብቻ!

ከኮምቦልቻ፦ አባቴ ከትናንት ጀምሮ በድንገት ሰው መለየት አቃታቸው። ትኩሳትም አላቸው። ቲኤስኤች ላሠራ?

ጋሼ፦ ይህ ቀጠሮ የሚያስጠብቅ አይደለም። ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል። ስልኩን ተውና ባጃጅ ጥራ፤ አሁኑኑ ሆስፒታል ውሰዳቸው።