ልብ አንጠልጣይ ፊልም፦ ጠይቁ፣ ጋሽ ጆሮ ይመልሳል

ጀማሪው፦ ጋሼ፣ ተመልካቹን በድንገት አስደነግጠዋለሁ፤ ወዲያው ግን ይስቃል። ምን ልሥራ?

ጋሽ ጆሮ፦ ድንጋጤና ስጋት ለየቅል ናቸው። የፊልም ዳይሬክተሩን የሂችኮክን ምሳሌ ያዝ፦ ከጠረጴዛው ሥር ያለው ቦምብ ሳይታይ ቢፈነዳ 15 ሰከንድ ያስደነግጣል፤ ተመልካቹ ቦምቡን አይቶ ሰዎቹ የማይረባ ወሬ ቢያወሩ 15 ደቂቃ ይሠቃያል። አደጋውን ለተመልካቹ ቀድመህ አሳየው፣ ከገጸ ባሕሪው ደብቀው።

ሳባ፦ ሙዚቃው መቼ ይግባ?

ጋሽ ጆሮ፦ መጀመሪያ አጥፊው። አደጋው ሊደርስ ከ10 እስከ 15 ሰከንድ ሲቀረው የጀርባውን ድምፅ አንድ በአንድ ቀንሺ፦ መኪናው፣ ውሻው፣ መጨረሻ ላይ የሰዓቱ ቆጠራ። ሁሉንም ባንዴ ከቆረጥሽው ስፒከሩ የተበላሸ ይመስላል። የሚቀረው የክፍሉ የራሱ ድምፅ ነው። ስለዚህ በየቀረጻ ቦታው ሁሉም ዝም ብሎ፣ ማይኩ ሳይነሳ፣ 1 ደቂቃ ቅዱ! ተዋንያኑ ሲነጋገሩ ጄኔሬተር ይሠራ ከነበረ አሁንም ይሥራ፤ አለዚያ ሁለቱ ድምፆች አይገጥሙም። ፍሪጅ ከቀረጻው በፊት ይነቀል፤ የመኪና ቁልፋችሁን ውስጡ አስቀምጡ፣ ሳትሰኩት አትሄዱም።

ሞንታዥ፦ አልስማማም። በ1960 እ.ኤ.አ. የወጣውን የሂችኮክ ፊልም «ሳይኮ»ን አስፈሪ ያደረገው በሻወሩ ግድያ ትዕይንት ላይ የሚሰማው የሙዚቃ ደራሲው የሄርማን ቫዮሊን ነው።

ካሜራ ያዥ፦ እውነቱን ነው፤ ሂችኮክ ራሱ ትዕይንቱን ያለ ሙዚቃ ነበር ያሰበው፣ ከሰማው በኋላ ተቀበለ።

ጋሽ ጆሮ፦ ቫዮሊኑ የሚጮኸው የሻወሩ መጋረጃ ሲገለጥ ነው። እስከዚያ የምትሰሙት ውሃ ብቻ። ጩኸቱን ጩኸት ያደረገው ያ ውሃ ነው። ደግማችሁ ስሙት።

ሞንታዥ፦ ያለ ቫዮሊኑ ግን ውሃ ውሃ ነው።

ጋሽ ጆሮ፦ ይለፈን። ቀጣይ።

ሊያ፦ ቤት ውስጥ ስቀርጽ አምፖሉ ይርገበገባል።

ጋሽ ጆሮ፦ ኤሌክትሪካችን 50 ኸርዝ ነው፤ ሻተሩን (የካሜራውን የብርሃን መዝጊያ ፍጥነት) 1/50 ሰከንድ አድርጊው። ካልተወ አምፖሉን ቀይሪ።

ጀማሪው፦ ሰውየው ባለበት ሆኖ ከኋላው ያለው ዳራ የሚለጠጠውስ?

ካሜራ ያዥ፦ እኔ ልመልስ። የሚያጎላ (ዙም) ሌንስ 24 ሚሊ ሜትር ላይ አድርገህ ከሰውየው 1 ሜትር ርቀህ ጀምር፣ እያጎላህ ወደ ኋላ ሂድ፤ 70 ላይ ስትደርስ 3 ሜትር ገደማ ትርቃለህ። ትኩረቱን የሚይዝልህ ሌላ ሰው ያስፈልጋል።

ዮኒ፦ የቱ ካሜራ ይሻላል?

ጋሽ ጆሮ፦ ለምን ሥራ? በስንት ብር? እንዲህ ተብሎ አይጠየቅም።

ቤዛ፦ ሙዚቃ መቼ ይግባ?

ጋሽ ጆሮ፦ ከላይ አንብቢ።

ዮኒ፦ የክፍሉን ድምፅ ከኢንተርኔት ባወርደውስ?

ጋሽ ጆሮ፦ የማንን ክፍል? 1 ደቂቃ ዝም በሉና ቅዱ አልኩ እኮ!