የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ «እንደ» ሁልጊዜ ያነጻጽራልን?

ጥያቄ፦ ተማሪ ሳለሁ ተነጻጻሪ ዘይቤ «እንደ» የሚለውን ቃል የያዘ፣ ተለዋጭ ዘይቤ ደግሞ ያልያዘ ነው ተብዬ ተምሬያለሁ። አሁን በተራዬ ሳስተምር አንዲት ተማሪዬ «እንደ እናቷ ረጅም ናት» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ለተነጻጻሪ ዘይቤ ምሳሌ አድርጋ አመጣችልኝ። ትክክል አልመሰለኝም፤ ነገር ግን ምክንያቱን ማስረዳት አቃተኝ።

መልስ፦ ጥርጣሬዎ ተገቢ ነው፤ ጥፋቱም የተማሪዋ ሳይሆን የብያኔው ነው። «እንደ» ብዙ ሥራ ያለባት ቃል ናት። «እንደ ነገርኩህ አድርግ» ስንል አኳኋንን፣ «እንደ ደረሰ ተኛ» ስንል ጊዜን፣ «እንደ ታላቅ ወንድም ልምከርህ» ስንል ደግሞ የተናጋሪውን ቦታ ታመለክታለች፤ ከእነዚህ በአንዱም ውስጥ ዘይቤ የለም። ተማሪዋ ባመጣችው ዓረፍተ ነገር ንጽጽር መኖሩ እውነት ነው። ይሁን እንጂ የሚነጻጸሩት ሁለት ሰዎች፣ መለኪያውም ቁመት ስለሆነ፣ የፈለገ ሰው ሜትር ይዞ ሊያረጋግጠው ይችላል። ንጽጽር ዘይቤ የሚሆነው በባሕርያቸው የማይዛመዱ ሁለት ነገሮችን በአንድ ጠባይ ሲያገናኛቸው ነው። «እንደ ሸንበቆ ረጅም ናት» ቢባል ሜትር የሚያነሣ አይኖርም፤ አንባቢው ከቁመቱ ጋር ቅጥነቱን፣ ምናልባትም ነፋስ ሲነካው መወዛወዙን ጭምር ያስባል።

በሌላ በኩል «እንደ» በሌለበትም ተነጻጻሪ ዘይቤ ይገኛል። «ፊቷ ጨረቃ ይመስላል»፣ «ተራራ የሚያህል ዕዳ»፣ «ከበረዶ የነጣ ጥርስ» የሚሉትን ይመልከቱ፤ «ይመስላል»፣ «የሚያህል» እና «ከ» ያንኑ የማነጻጸር ሥራ ሠርተዋል። ስለዚህ ቃሉን ከማደን ይልቅ ሁለቱ ነገሮች በዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ተለያይተው ቆመዋል ወይስ አንዱ የሌላውን ቦታ ወስዷል ብሎ መጠየቅ ይሻላል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው መቶ ዘመን የኖረው የግሪክ ፈላስፋ አርስቶትል ስለ ንግግር ጥበብ ሲጽፍ፣ በግሪኮች ጥንታዊ ግጥም የሚታወቀውን ጀግና አኪሊስን «እንደ አንበሳ ተወረወረ» ማለት ተነጻጻሪ፣ በቀጥታ «አንበሳው ተወረወረ» ማለት ደግሞ ተለዋጭ መሆኑን አሳይቶ፣ ልዩነታቸው ጥቂት እንደሆነ ይናገራል። ልዩነቱ ጥቂት ቢሆንም ለአንባቢው የሚተርፈውን ሥራ ይለውጠዋል። በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር አኪሊስ አኪሊስ፣ አንበሳውም አንበሳ ሆነው ይቀራሉ፤ መወርወራቸው ብቻ ያገናኛቸዋል። በሁለተኛው ግን ሰውየው ከፊታችን ስለተሰወረ አንበሳው ማን እንደሆነና ጠባዩም የትኛው እንደተፈለገ፣ ጉልበቱ ይሁን ቁጣው ወይም ፍጥነቱ፣ ፈልጎ ማግኘት የአንባቢው ድርሻ ይሆናል። ጀማሪ ጸሐፊዎች ተለዋጭን ከተነጻጻሪ «የበለጠ» አድርገው ሲያዩት አያለሁ፤ እኔ አልስማማም። ዐውደ ጽሑፉ ፍንጭ ካልሰጠ ተለዋጭ ዘይቤ እንቆቅልሽ ሆኖ ይቀራል፤ በዚያን ጊዜ «እንደ»ን መልሶ ማስገባት አያሳፍርም።

ጥያቄ፦ በአንድ ሪፖርት ላይ «የተቀጣጠለው ችግር ሥር ሰዷል» ብዬ ብጽፍ የሥራ ባልደረባዬ ሳቁብኝ። ሁለቱም አባባሎች የተለመዱ አይደሉምን?

መልስ፦ የተለመዱ ናቸው፤ ያሳሳተዎትም ይኸው ነው። «ተቀጣጠለ» ከእሳት፣ «ሥር ሰደደ» ከተክል የተወሰዱ ተለዋጮች ሲሆኑ፣ ከአገልግሎት ብዛት ምስላቸው ደብዝዞ እንደ ተራ ቃል ይነገራሉ። «ሐሳብ አመነጨ» ሲባል ምንጭ፣ «የጠርሙስ አንገት» ሲባል የሰው አንገት የሚታየው የለም። እንዲህ ካሉ ቃላት መሸሽም አይቻልም፤ እኔ ራሴ አሁን «ደብዝዞ» ያልኩት ከብርሃንና ከቀለም ተውሼ ነው። ነገር ግን ሁለት የደበዘዙ ምስሎች ጎን ለጎን ሲቀመጡ አንዱ ሌላውን ይቀሰቅሰዋል፤ እሳት ሥር ሲሰድ በዓይነ ሕሊናው የመጣበት አንባቢ የሚነገረውን ጉዳይ ትቶ በምስሉ ይስቃል። የጀመሩትን ምስል እስከ መጨረሻው ይያዙት፦ ሥር የሰደደ ይነቀላል፣ የተቀጣጠለ ይጠፋል። ባለቅኔ ሆን ብሎ ሊያደበላልቃቸው ይችላል፤ ለሪፖርት ግን «ችግሩ ተባብሷል፤ ከቆየም ሰንብቷል» ማለት ይበቃል።

ጥያቄ፦ «አያዎ» የሚባለው ዘይቤ ስሙ ከየት መጣ? እርስ በርሱ ከሚጋጭ ጽሑፍስ በምን ይለያል?

መልስ፦ አያዎ የሚጋጩ ሐሳቦችን ሆን ብሎ የሚያጣምር ዘይቤ ነው፤ ስሙም «አይ» እና «አዎ» ተጋጥመው የሰጡት ነው። በግሪክኛ ኦክሲሞሮን የሚባለውም «ስለታም» እና «ደነዝ» የሚሉ ሁለት ቃላት ጥምር ስለሆነ፣ በሁለቱም ቋንቋዎች ስሙ ራሱ ለራሱ ምሳሌ ሆኗል። ከተራ ግጭት የሚለየው ሁለተኛ ሲነበብ ስለሚፈታ ነው። «በሰው መካከል ብቸኛ ነበረ» ሲባል ቃላቱ ይጋጫሉ፤ ብቸኝነቱ የሰው ቁጥር ማነስ ሳይሆን የሚረዳው ማጣት መሆኑን አንባቢው ሲደርስበት ግን ግጭቱ ይወገዳል። «ክፍሉ ባዶ ነበረ፤ በውስጡም ዐሥር ሰዎች ተቀምጠው ነበር» የሚለውን ግን ደጋግመው ቢያነቡትም አይፈታም፤ ይህንን ማረም የአርታኢው ሥራ ነው።