ቢላውን ለግራይንደር አትስጡት

ባለፈው ሰሞን አንድ የሰፈራችን ልጅ አጎቱ ከአሜሪካ የላከለትን ትልቅ ቢላ ይዞ ቤቴ መጣ። ቦዊ የሚባለው ዓይነት ነው። ምላጩ ረጅምና ሰፊ ነው። ጫፉ ከጀርባው በኩል ጎደል ብሎ የተቆረጠ ነው። እጅ ወደ ስለቱ እንዳይንሸራተት መስቀለኛ ነሐስ አለው። «ጋሼ፣ አዲስ ነው፤ ግን ቲማቲም እንኳ አይቆርጥም። ቃሊቲ ወስጄ በግራይንደር ላስሞርደው?» አለኝ።

«ተው ልጄ» አልኩት። ልጁ ከሄደ በኋላ ግን ጥያቄው አላስተኛኝም። የቆየ ቁጭት ነው የቀሰቀሰብኝ። ለእሱ ያልነገርኩትን ለሁላችሁም ልጻፈው ብዬ ነው።

ወጣት ሳለሁ አቃቂ ካሉት ፋብሪካዎች በአንዱ የጥገና ክፍል ውስጥ እሠራ ነበር። የክፍሉ አንጋፋ ባለሙያ ጋሼ ነበሩ። በስማቸው የሚጠራቸው አልነበረም፤ ለሁላችንም ጋሼ ብቻ ናቸው። ቶርኖ፣ ብረት እያሽከረከረ የሚቀርጸው ማሽን፣ ላይ ከቆሙ የማይወጣላቸው ነገር የለም። እሳቸውም አንድ ቦዊ ቢላ ነበራቸው። አስመራ ቃኘው ጣቢያ የነበረ አሜሪካዊ ወታደር ነው የሰጠኝ ይሉ ነበር። ተራ የፋብሪካ ምርት ነው።

ጋሼ ታዲያ ከምሳ ሰዓታቸው እየቆነጠሩ ሌላ ቢላ አደረጉት። መጀመሪያ የደረቀውን የቆዳ እጀታ አወለቁ። ከፈረሰ ቤት የተረፈ የወይራ ቁራጭ አመጡ። መሃሉን በስተው የቢላውን ጭራ አስገቡበት፤ ጫፉን በነሐስ አሰሩት። ከዚያ በሞረድ መቅረጽ ጀመሩ። ትንሽ ይሞርዳሉ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ይጨብጡታል፣ እንደገና ይሞርዳሉ። መዳፋቸው የሚቆረቁረውን ቦታ እየፈለጉ ነው። የመስቀለኛው ነሐስ ሹል ጥግ ሁሉ ክብ ሆነ። በመጨረሻ የተልባ ዘይት እየቀቡ በጨርቅ አሹት። የተልባ ዘይት እንጨቱ ውስጥ ገብቶ ይደርቃል። ወይራው ሲያበራ አሁንም ይታየኛል።

ስለቱን ያወጡት በድንጋይ ብቻ ነው። ትልቁ ግራይንደር አጠገባቸው ቆሞ አንድም ቀን አላስጠጉትም። ለምን እንደሆነ ጠየቅኳቸው። መልስ አልሰጡኝም። ያለቀ ሞረድ አነሱና ጫፉን ግራይንደሩ ላይ ያዝ አደረጉት። የብረቱ ቀለም መጀመሪያ ገለባ መሰለ፤ ቀጥሎ ሐምራዊ፤ ቀጥሎ ሰማያዊ ሆነ። ሲቀዘቅዝ አዲስ ሞረድ ሰጡኝና «ሞክረው» አሉኝ። ያልተነካው ቦታ ላይ ሞረዴ ይንሸራተታል። ሰማያዊው ቦታ ላይ ግን ነከሰ። ብረቱ ለስልሶ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። የቢላ ብረት ግሎ ዘይት ውስጥ ሲነከር ይጠነክራል፤ ግን እንደ ብርጭቆ ይሰበራል። ስለዚህ 200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ እንደገና ይሞቅና ይገራል። ጥንካሬው የሚወሰነው እዚያ ላይ ነው። ስለት ደግሞ ቀጭን ነው፤ ሙቀቱን የሚያሸሽበት ብረት የለውም። ግራይንደር ላይ በሰከንዶች ውስጥ 300 ዲግሪ ሊደርስ ይችላል። ሰማያዊው ቀለም የዚያ ምልክት ነው። በብርጭቆ ወረቀት ቀለሙን ብታጠፉትም ጥንካሬው አይመለስም። የለሰለሰውን ብረት ፍቆ ከማስወገድ በቀር መላ የለውም።

ጋሼ ጡረታ ወጡ፤ ከዓመታት በኋላም አረፉ። ከአርባቸው በኋላ ልጃቸውን ስለ ቢላው ጠየቅኩት። ቁራሌው ወስዶት ነበር፤ በፕላስቲክ ጆግ ለውጠውት። ልጆቹ ክፉዎች አይደሉም። አባታቸው ያን ብረት ምን እንዳደረጉት የነገራቸው የለም። የሚያስቆጨኝ ደግሞ ቢላው ብቻ አይደለም። ነሐሱና ምላጩ የተገናኙበት ቦታ ወረቀት አያስገባም ነበር። እንዴት እንዳገጣጠሙት ከመካከላችን ያየ የለም። ያ ሙያ ከሳቸው ጋር ሄደ።

እዚህ አገር ብረት የሚነካ ሰው ለረጅም ዘመን ሲናቅ ኖሯል። ዳግማዊ ምኒልክ ባለ እጅ እንዳይሰደብ አዋጅ እስከማስነገር ደርሰዋል። የጋሼ ልጆች ስለ አባታቸው ሥራ ሳይጠይቁ ያደጉት ከዚሁ ንቀት የተነሣ ይመስለኛል። የዛሬ ወጣት ደግሞ በሌላ መንገድ ይጎድለዋል። ቪዲዮ ያያል እንጂ እጁን አያቆሽሽም። ቸኩሏል። ይህን ጽፌ ሳልጨርስ ግን ያው ልጅ ተመልሶ መጣ። ስልኩ ላይ አይቶ ከጣውላ የቢላ ማጋደያ ሠርቶ ነው፤ ሲስሉ ቢላው ዘንበል እንዳለ እንዲቆይ የሚይዝ ነገር። በእኔ ዘመን እንዲህ ያለ ነገር ያሰበ አልነበረም። ለራሴም አንድ እንዲሠራልኝ ለምኜዋለሁ።

የፋብሪካ ነው ብላችሁ ቢላውን አትናቁት። ቢላው የተሰየመበት አሜሪካዊ ጄምስ ቦዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1827 ሚሲሲፒ ወንዝ ላይ በተነሳ ጠብ የእሱና የቢላው ስም ገነነ፤ በ1836 ቴክሳስ ውስጥ በአላሞ ምሽግ ጦርነት ሞተ። ከዚያው ከ1830ዎቹ ጀምሮ የእንግሊዝ ሼፊልድ ባለሙያዎች ቦዊን በብዛት እየሠሩ ወደ አሜሪካ ይልኩ ነበር። ቦዊ ከጥንትም ለገበያ ሲመረት የኖረ ቢላ ነው። አዲሱ የማይቆርጠው ብዙ ጊዜ ብረቱ መጥፎ ሆኖ አይደለም። ፋብሪካው ስለቱ እንዳይሸረፍ ብሎ ወፍራም አድርጎ ስለሚተወው ነው።

መነጽርና ጓንት የሚባለውን ታውቁታላችሁ፤ አልደግመውም። እጀታውን አስቀድሙ፤ ስለቱ ገና ደነዝ እያለ መሥራት ይሻላል። ከዚያ ሸካራው 400 ቁጥር ድንጋይ፣ ቀጥሎ ለስለስ ያለው 1000 ይበቃል። ቢላውን ከእያንዳንዱ ጎን 20 ዲግሪ ያህል ከድንጋዩ አዘንብላችሁ ያዙ። ምላጩ 4 ሴንቲ ሜትር ስፋት ካለው፣ ጀርባው ከድንጋዩ 1.4 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይላል ማለት ነው። ስለቱን በማርከር ቀቡት፤ ቀለሙ የሚጠፋበት ቦታ ድንጋዩ የት እንደሚነካ ያሳያችኋል። በአንድ ጎን ስትስሉ በሌላው ጎን ጥፍር የሚይዝ ሸካራ ጠርዝ እስኪወጣ አታቁሙ። ብዙ ሰው እዚህ ሳይደርስ ይተወዋል፤ ከዚያ ድንጋዩን ይሰድባል። ሸካራው ከጫፍ እስከ ጫፍ ሲወጣ ገልብጡት። መጨረሻ ላይ ጀርባውን እያስቀደማችሁ አሮጌ የቆዳ ቀበቶ ላይ ጎትቱት።

ማሽን ፈጽሞ አትንኩ እያልኩ አይደለም። እኔም ዝገት የበላውን የቢላ ጀርባ በማሽን ነው የማጸዳው። ባዶ እጄን ምላጩ ላይ አድርጌ፣ ጣቴን ሳይሞቀኝ ምላጩን ውሃ ውስጥ እየነከርኩ። ስለቱን ግን አላስጠጋም።

ለበዓል በግ ቦዊው ቆዳ መግፈፍ ላይ ጎበዝ ነው፤ የስለቱ ሆድ ክብ ስለሆነ ቆዳውን ሳይበሳ ይሄዳል። መገጣጠሚያ ለመለያየት ግን ትልቅነቱ ያስቸግራል፤ ትንሽ ቢላ ያዙ። ስትጨርሱ አጥባችሁ፣ አድርቃችሁ፣ ዘይት ቀባ አድርጉት። አፎቱ ውስጥ እንዲከርም አትተዉት። ቆዳ እርጥበት ይይዛል፤ በክረምት ደግሞ ገላንና አቃቂ ዝገት አይጠፋም። በጨርቅ ጠቅልላችሁ፣ ልጆች የማይደርሱበት ከፍ ያለ ቦታ አስቀምጡት።