ቤቱን በነሐሴ እዩት

ከደሴ፣ ከኮምቦልቻ፣ ከሐይቅና ከወልድያ ስለ ቤት ግዢና ስለ ሰፈር ኑሮ ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

ባለ 28 እና ባለ 32 ጌጅ ቆርቆሮ የትኛው ይወፍራል? ነጋዴው «ቁጥሩ ትልቅ የሆነው ይሻላል» ብሎኛል። (ከወልድያ)

28ቱ። ቁጥሩ ባነሰ መጠን ቆርቆሮው ይወፍራል።

በቅርብ የተጋቡ ባልና ሚስት ከደሴ ጽፈዋል። ከጦሳ ግርጌ፣ ተዳፋት ላይ ባለ ጸጥ ያለ ሰፈር 200 ካሬ ላይ የተሠራ የብሎኬት ቤት ጥር ላይ አይተው ወደውታል። ግቢው ደረቅ ነው፣ ግድግዳው አዲስ ተለስኗል፣ ከጀርባው የድንጋይ ግንብ አለ። ደላላው «ሌላ ገዢ አለ፣ በዚህ ሳምንት ቀብድ ጣሉ» እያለ ያጣድፋቸዋል።

ቀብዱን አትጣሉ። ገዢ ውሉን ቢያፈርስ ቀብዱ ይቀርበታል፤ ሻጭ ቢያፈርስ እጥፉን ይመልሳል። ስለዚህ ለደላላ ጥድፊያ ተብሎ የሚሰጥ ገንዘብ አይደለም።

ጥር ላይ የማይደርቅ ግቢ የለም። በደሴ ተዳፋት ላይ ቤት የሚታየው ነሐሴ ላይ፣ ዝናቡ እየወረደ ነው። እስከዚያ መቆየት ካልቻላችሁ ቢያንስ የመጋቢትና የሚያዝያ በልግ አንድ ሁለቴ እስኪጥል ጠብቁ፤ ዝናቡ እንዳባራ ጭቃው ሳይደርቅ ሂዱ።

ስትሄዱ ከቤቱ አትጀምሩ። ወደ ሰፈሩ አናት ውጡና ከተራራው የሚመጣው ጎርፍ በየት በኩል ወደ ቦርከና እንደሚወርድ ቁልቁል ተከተሉት። የመንገዱ ቦይ የት ላይ ያልቃል? መንገዱ የሚታጠፍበት፣ ቦዩ የሚቋረጥበት ቦታ ላይ የተሠራ ቤት የላይኛውን ሰፈር ውሃ ሁሉ ይቀበላል። የቆርቆሮ አጥሩን የታችኛውን ክፍል እዩ፤ ውሃ ተኝቶበት ከነበረ ዝገቱ አንድ ወጥ መስመር ሠርቶ ታገኙታላችሁ። የጎረቤት በር ሥር አፈር የሞላ ማዳበሪያ ከተደረደረ ሌላ ማስረጃ አትፈልጉ። ታች ያለውን ጎረቤትም ጠይቁ፤ ሻጩ የማይነግራችሁን ይነግራችኋል።

ቀጥሎ ጣሪያው ነው። 100 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 30 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢጥል 3,000 ሊትር ውሃ ይወርዳል። አሸንዳ ከሌለ፣ ወይም የአሸንዳው ቱቦ መሠረቱ ሥር የሚያፈስስ ከሆነ፣ ይህ ሁሉ ውሃ በየዝናቡ ቤቱ የቆመበትን አፈር ያጠግበዋል።

የጀርባው ግንብ ከሁሉም ይበልጥ ያሳስበኛል። ግንብ ሲሠራ በየአንድ ሜትር ተኩሉ ወይም በየሁለት ሜትሩ ውሃ ማስወጫ ቀዳዳ ይተውለታል፤ ከጀርባውም ጠጠር ይሞላል። ቀዳዳ ከሌለው ወይም በጭቃ ከተደፈነ፣ ነሐሴ ላይ ግንቡ የሚሸከመው አፈሩን ብቻ ሳይሆን ውሃውንም ጭምር ነው። ድንጋይ ተደርድሮ ግንብ ስለመሰለ ብቻ አትመኑት። ቱንቢ ጣሉበት። ሆዱ ወደ ግቢው ከተነፋ ወይም አናቱ ወደ ቤቱ ካዘነበለ መገፋት ጀምሯል። የግንቡ ባለቤት ማን እንደሆነም ከወዲሁ ይታወቅ፤ የላይኛው ጎረቤት ይሁን የእናንተ፣ ሲፈርስ የሚያርፈው እናንተ ላይ ነው።

አዲስ ልስን የሚሸፍነው ነገር ይኖራል፤ ልስን የማይደርስባቸውን ቦታዎች እዩ። ኮርኒሱ ላይ ቢጫ ክብ ካለ ጣሪያው ያፈስሳል። ከቁም ሳጥን ጀርባ ያለውን ግድግዳ በባትሪ አብሩት። በሮቹን ክፈቱና የላይኛውንና የታችኛውን ጠርዝ በጣት ዳስሱ፤ ቀለም የሌለው፣ በመላጊያ የተላገ እንጨት ካገኛችሁ በሩ አልዘጋ ብሎ ነበር ማለት ነው፤ መቃኑም የተጣመመው ቤቱ ሲንቀሳቀስ ሊሆን ይችላል። እንደ ሸረሪት ድር የተበተነ የልስን ስንጥቅ ልስኑ ቶሎ ስለደረቀ የሚመጣ ነው፤ አያስፈራም። ከመስኮት ጥግ ተነሥቶ የብሎኬቱን መጋጠሚያ እየተከተለ እንደ ደረጃ በሰያፍ የሚወጣው ግን ከመሠረት ነው።

አፈሩ ዋልካ ከሆነ ነገሩ ይብሳል። ዋልካ በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ያብጣል፤ ቤቱንም በየዓመቱ ያነሣዋል ያወርደዋል። ከግቢው አንድ ጭብጥ አፈር አርጥባችሁ በመዳፋችሁ አድቦልብሉት። እንደ እርሳስ ቀጥኖ ሳይበጠስ ከተዘረጋ፣ ሲደርቅም እንደ ድንጋይ ከጠነከረ ሸክላነቱ ከፍተኛ ነው። እንዲህ ባለ መሬት ላይ መሠረቱ ዋልካውን አልፎ ጠንካራ አፈር ላይ መድረስ አለበት፤ ወይም ዋልካው ወጥቶ ገረጋንቲ የሚባለው ጠጠራማ አፈር በ20 በ20 ሳንቲ ሜትር ውፍረት እየተነጠፈ መጠቅጠቅ አለበት። ቤቱን የሠራውን ግንበኛ ፈልጋችሁ የትኛውን እንዳደረገ ጠይቁ።

ይህን ሁሉ አይታችሁ ቤቱን አሁንም ከወደዳችሁት፣ ለአንድ ቀን ሲቪል መሐንዲስ ቅጠሩ። እዚህ ላይ አልለሳለስም። የመሐንዲሱ የአንድ ቀን ክፍያ ከቤቱ ዋጋ አንጻር ከቁጥር የሚገባ አይደለም። አንድ ነገር ግን መሐንዲስም አያስፈልገውም፦ ከቤቱ በላይ መሬቱ እንደ ግማሽ ጨረቃ ተሰንጥቆ፣ የመብራት ምሰሶዎቹ አዘንብለው፣ የዛፎቹ ግንድ ከሥሩ ጎብጦ ካያችሁ ተዳፋቱ እየተንሸራተተ ነው። ያን ቤት በግማሽ ዋጋም ቢሰጧችሁ አትግዙት።

ካርታው በሟች አባት ስም ነው። የሚሸጥልኝ የበኩር ልጁ ነው፤ እናት በሕይወት አሉ፣ አንዱ ወንድም ሳውዲ ነው። «ሁሉም ተስማምተዋል» ተብያለሁ። (ከኮምቦልቻ)

በቃል የተነገረ ስምምነት ለቤት አይሆንም። የሟች ቤት በጋብቻ የተፈራ ከሆነ ግማሹ ከውርስ በፊትም የእናትየው ነው፤ ልጆቹ የሚወርሱት የአባታቸውን ድርሻ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያዋ ፈራሚ እናት ናቸው። ከዚያ ፍርድ ቤት የሰጠው የወራሽነት ማስረጃ ላይ ስማቸው ያለ ወራሾች በሙሉ ይፈርማሉ። የሸሪዓ ፍርድ ቤት የሰጠው ከሆነም ተከራካሪዎቹ በፈቃዳቸው የቀረቡ መሆን አለባቸው። ሳውዲ ያለው ልጅ ውክልና መላክ ይችላል፤ ነገር ግን «ጉዳዬን ይፈጽምልኝ» የሚል ጠቅላላ ውክልና የማይንቀሳቀስ ንብረት አያሸጥም። «እንዲሸጥ» የሚል ልዩ ሥልጣን በግልጽ ይጻፍበት፤ በኤምባሲ ወይም በቆንስላም ይረጋገጥ። ከወራሾቹ መካከል አካለ መጠን ያልደረሰ ካለ የፍርድ ቤት ፈቃድ ሳይያዝ እንዳይነካ።

ካርታው መጀመሪያ ወደ ወራሾቹ ስም ይዙር፤ ሽያጩ ከዚያ በኋላ። ቤቱ በባንክ ዕዳ አለመያዙንና እግድ የሌለበት መሆኑን ከመሬት ጽሕፈት ቤቱ በጽሑፍ ያጣሩ። የቤት ሽያጭ ውል በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1723 መሠረት በጽሑፍ ሆኖ ፍርድ ቤት ወይም ውል አዋዋይ ፊት መደረግ አለበት፤ ሰፈር ውስጥ ሦስት ምስክር ያስፈረሙበት ወረቀት ብቻውን አያዛልቅም። ባለቤትነቱም የሚተላለፈው መዝገብ ላይ ስምዎ ሲሰፍር ነው። ገንዘቡን በባንክ ይክፈሉ፤ የስም ዝውውሩ እስኪያልቅ ጥቂቱን በእጅዎ እንዲያቆዩ በውሉ ይጻፍ።

ይህን ጉዳይ ያለ ጠበቃ አይጨርሱት። ደላላውም ሆነ ሕግ አውቃለሁ የሚል ጎረቤት በጠበቃ ቦታ አይቆምም።

በጭቃ ቤታችን ጣሪያ ላይ 2,000 ሊትር ሮቶ ብንሰቅልስ? (ከሐይቅ)

አይሆንም። 2,000 ሊትር ውሃ 2 ቶን ነው። መሬት ላይ የኮንክሪት መቀመጫ ሠርታችሁ አስቀምጡት፤ ከፍ ካደረጋችሁትም በራሱ የብረት ወይም የኮንክሪት እግር ይቁም። ከፍታው አንድ ሜትር ተኩል ከሆነ ባልዲ ይሞላል እንጂ ሻወር አያስታጥብም፤ 1 ባር ግፊት የሚገኘው ከ10 ሜትር ከፍታ ነው።

የጎረቤቴ ባሕር ዛፍ ግድግዳዬን እየሰነጠቀው ነው። እንዲያስቆርጠው ልክሰሰው? (ከደሴ)

ክሱን ያቆዩት፤ መጀመሪያ ዛፉ መሆኑን ያረጋግጡ። ስንጥቁ ላይ በጣት ስፋት ጂፕሰም ይለጥፉና ቀኑን በእስክሪብቶ ይጻፉበት። በጋ ላይ ተሰንጥቆ ከተገኘ፣ ስንጥቁም ዛፉ ባለበት በኩል ከሰፋ፣ ሥሩ የዋልካውን እርጥበት እየመጠጠ አፈሩን እያኮማተረው ነው። ዋልካ ላይ ባሕር ዛፍ ቢያንስ የቁመቱን ያህል ከቤት ይራቅ።

ነገር ግን ተዳፋት ላይ ረድፉን በሙሉ በአንድ ጊዜ ማስቆረጥም አደጋ አለው። ሥሩ በጥቂት ዓመት ውስጥ ሲበሰብስ አፈሩን የሚይዝ ይጠፋል፤ የደረቀውም ዋልካ መልሶ ያብጣል። ለቤትዎ ከሚቀርበው ጀምራችሁ በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት ይቆረጥ፤ በቦታው ቬቲቨር ሣር ይተከል። ጉቶው ስለሚያቆጠቁጥ ቡቃያውን መግፈፍ አይርሱ።

ግቢያችን ውስጥ የውሃ ጉድጓድ አለ። መጸዳጃውን የት እንቆፍር? (ከሐይቅ)

ቢያንስ 30 ሜትር ርቆ፣ ከውሃው ጉድጓድ በታች በኩል። የመጸዳጃው ጉድጓድ ወለል ክረምት ላይ የከርሰ ምድር ውሃው ከሚደርስበት ከፍታ ቢያንስ 1 ሜትር ተኩል በላይ ይሁን። ግቢያችሁ 30 ሜትር ከሌለው ወይ ውሃውን ለመጠጥ አትጠቀሙበት፣ ወይ የማያፈስስ ታንክ ሠርታችሁ በመኪና አስመጥጡ። የጎረቤትን መጸዳጃም ቁጠሩት፤ አጥር ውሃ አይከለክልም።

ጸጥታውን ወደን በገዛነው ሰፈር ጎረቤታችን ግቢው ውስጥ ብየዳ ቤት ከፈተ። (ከኮምቦልቻ)

የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1225 ባለንብረት በጢስ፣ በመጥፎ ሽታ፣ በድምፅና በንዝረት ከመልካም ጉርብትና ልክ አልፎ ጎረቤቱን እንዳያውክ ይከለክላል። መብት አላችሁ። ግን በሽማግሌ ጀምሩ፤ ልመናውም ቁርጥ ያለ ይሁን፦ የሥራ ሰዓቱ፣ የብረት መቁረጫው የሚቀመጥበት ቦታ፣ በአጥሩ በኩል የሚገነባ ግድግዳ። እምቢ ካለ ቀበሌው የንግድ ፈቃዱን እንዲያይላችሁ አመልክቱ።

አዲስ ሰፈር ገብተናል። ቅሬ (የሰፈሩ ዕድር) መቼ እንመዝገብ? (ከደሴ)

በዚህ ሳምንት። ዕቃችሁ ሳይፈታ የቅሬውን ዳኛ ጠይቃችሁ ሂዱ፤ የመግቢያውን ክፍያ፣ የወሩን መዋጮና ለለቅሶ ተረኛ የምትሆኑበትን ቀን አስጽፉ። ሰው የሞተባቸው ቀን መመዝገብ ከባድ ነው፤ ለእናንተም ለቅሬውም። የሰፈሩ ቦይ የሚጠረግበትን ቀንም እዚያው ጠይቁ። ከሰኔ በፊት መሆን አለበት፤ ቀን ካልተቆረጠለት እናንተ አንሡት፣ አካፋም ይዛችሁ ውጡ።