ከወለሉ በታች ስላለው ሥራ

ልጆቼ፣

በግቢያችሁ የራሳችሁን ወርክሾፕ ለመሥራት ስትነሡ በሐሳባችሁ ቀድሞ የሚመጣው ጣሪያው፣ መስኮቱና የመሣሪያ መደርደሪያው እንደሆነ አውቃለሁ። እኔም በእናንተ ዕድሜ እንደዚያው ነበርኩ። ዕድሜዬን በግንባታ ሥራ ካሳለፍኩ በኋላ ግን አንድ ነገር ልለምናችሁ፤ ከሁሉ በፊት ስለ ውሃ አስቡ። ካየኋቸው የተሰነጠቁ ወለሎች አብዛኞቹን ያበላሻቸው ውሃ ነው፤ ወይ ከሥር የገባ፣ ወይ በኮንክሪቱ ውስጥ ከልክ ያለፈ፣ ወይም በሚያስፈልግበት ሰዓት የተነፈገ።

ዶማ ከማንሣታችሁ በፊት ዝናብ ሲዘንብ ቦታው ላይ ቁሙና ውሃው ከየት መጥቶ የት እንደሚያቁር ተመልከቱ። ሥርና ቅጠል ያለበትን የላይኛውን አፈር ጥረጉ፤ እየበሰበሰ ይሰምጣልና። ከሥሩ ጥቁር ሸክላ አፈር ከወጣ ግን ቁፋሮውን አቁማችሁ መሐንዲስ ጥሩ። ይህ አፈር ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሸበሸባል፤ የተሠራበትን ቤትም አብሮ ያነሣል፣ ያወርዳል።

የወርክሾፑን ቀጥ ያለ ማዕዘን በሲባጎ አውጡ፤ አንዱ ጎን 3፣ ሌላው 4፣ ጫፎቻቸውን የሚያገናኘው ደግሞ 5 ሜትር ይሁን። ከማዕዘን ወደ ትይዩ ማዕዘን የሚሄዱት ሁለቱ ሰያፎች እኩል ካልሆኑ አትቆፍሩ።

የመጀመሪያ ወርክሾፔን ስሠራ ከወለሉ ሥር የሚገባውን የጠጠር መሙያ በአንድ ጊዜ ደፍቼ ላዩን ብቻ ጠቀጠቅሁት። ስረግጠው እንደ ድንጋይ ጠንካራ ነበር። በሁለተኛው ዓመት ዝናብ ግን የታችኛው ተቀመጠ፤ ወለሉ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ተሰነጠቀ፤ የእንጨት መቁረጫ ማሽኑ የቆመበት ጥግ ዘመመ። ወለሉን አፍርሼ እንደገና እስክሠራ ድረስ ልክ የሆነ ሥራ አልወጣልኝም። ስለዚህ 15 ሳንቲ ሜትር ያህል እየሞላችሁ፣ በመጠኑ እያረጠባችሁ፣ እያንዳንዱን ንጣፍ ለብቻው ጠቅጥቁ። አሰልቺ ነው፤ ግን የሚታለፍ አይደለም።

ከጠጠሩ በላይ ወፍራም ፕላስቲክ አንጥፉ። ያለዚያ እርጥበት ከመሬት በኮንክሪቱ ውስጥ እየሰረገ ወጥቶ መሣሪያችሁን ያዝጋል። ማሽን በክፍሉ መሐል የምታቆሙ ከሆነ የኤሌክትሪክ ቱቦውን አሁን ቅበሩ። ለቀላል ሥራ 10 ሳንቲ ሜትር የኮንክሪት ውፍረት ይበቃል፤ ከባድ ማሽን በሚቆምበት ግን 15 አድርጉት። ፌሮውን በድጋፍ ከፍ አድርጉት፤ መሬት ላይ ተኝቶ ከቀረ አይጠቅምም።

ኮንክሪቱን በምትደፉበት ቀን አንድ ሰው «ትንሽ ውሃ ጨምሩበት፣ ይቅለለን» ማለቱ አይቀርም። እሺ አትበሉት። ለ50 ኪሎ ግራም ሲሚንቶ 25 ሊትር ያህል ውሃ ይበቃል፤ አሸዋው እርጥብ ከሆነ ከዚያም ይቀንሳል። ትርፉ ውሃ በንኖ ሲሄድ ቀዳዳ ትቶ ያልፋል፤ ኮንክሪቱም ይደክማል፣ ይኮማተራል። በየ3 ሜትሩ ጥልቀቱ የወለሉን ውፍረት ሩብ የሚያህል መክፈያ መስመር ቁረጡበት፤ መሰንጠቁ ካልቀረ በዚያ መስመር ይሰንጠቅ።

ኮንክሪት የሚጠነክረው ስለሚደርቅ አይደለም፤ ሲሚንቶው ከውሃ ጋር እየተዋሐደ ነው። ስለዚህ ቢያንስ ለ7 ቀናት በእርጥብ ጆንያ ሸፍኑት። ከባዱን ማሽን እስከ 28ኛው ቀን አታስገቡ። ጆንያውንም ጠዋትና ማታ ራሳችሁ አርጥቡት፤ ለሌላ ሰው አትተዉት።